ለጊዜው ተከፍቶ የቀረው በር

አዲስ ሰርቨር ተከራይቶ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኘ ሰው የመግቢያ መዝገቡን ቢከፍት የሚያየው ነገር ሁልጊዜ ያው ነው። ማሽኑ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ አድራሻውን ለማንም ሳይናገር፣ መዝገቡ በማያውቃቸው እንግዶች ሙከራ ተሞልቶ ያገኘዋል። በአንደኛው መስመር አንዱ «ሩት» (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው መለያ) ነኝ ብሎ ሞክሮ ተከልክሏል። በሁለተኛው «አድሚን»፣ በሦስተኛው «ቴስት»፣ ከዚያ «ኦራክል»፣ ከዚያ «ባክአፕ»፣ ከዚያ ተመልሶ «ሩት»። በሰከንዶች ልዩነት፣ ሌት ተቀን፣ ከየአህጉሩ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይደነግጣል፤ ማን ቂም ይዞብኝ ነው ብሎ ያስባል።

ቂም የያዘበት የለም። የሚያንኳኳው የኢንተርኔትን አድራሻዎች በተራ እያዳረሰ የሚዞር ፕሮግራም ነው። ዛሬም በብዛት የምንጠቀምበት አራተኛው የአይፒ ስሪት የሚፈቅደው አድራሻ ወደ 4.3 ቢሊዮን ይጠጋል። ቁጥሩ ሲሰማ እዚያ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር መደበቅ የሚቻል ይመስላል። በ2013 ግን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ መሣሪያ አወጡ። ፈጣን መስመር ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻውን፣ ይህን ሁሉ አድራሻ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ዞሮ አንድ የተመረጠ ፖርት (አንድ አገልግሎት የሚጠብቅበት ባለቁጥር በር) የትኛው ማሽን ላይ ክፍት እንደሆነ መመዝገብ እንደሚችል አሳዩ። «እኔን ማን ያገኘኛል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

ኮምፒውተርን ከርቀት ስለመጠቀም ደህንነት ሲወራ ንግግሩ ቶሎ ወደ ምስጠራ ያመራል፤ የትኛው ስልት ይሻላል፣ ስንት ቢት ይበቃል ይባላል። ከታወቁት ትልልቅ ዘረፋዎች ውስጥ እኔ ያነበብኋቸው ላይ ምስጠራውን ሰብሮ የገባ አላገኘሁም። ደጋግሜ ያገኘሁት አንድ ቃል ነው፤ «ለጊዜው»። ለጊዜው የተከፈተ ፖርት፣ ለጊዜው የተሰጠ መለያ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ የሚጠየቅ ማስረጃ) ሳይደረግለት ለጊዜው ሥራ የጀመረ መግቢያ።

ምስጠራው ራሱ ብርቅ የነበረበት ዘመን አለ። ለረጅም ጊዜ ሰዎች ከርቀት የሚገቡበት ቴልኔት የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር፣ እንደተጻፈ በመስመሩ ይልከው ነበር፤ ፖስታ ውስጥ ሳይገባ እንደተላከ ደብዳቤ። በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ አንድ ሰው የይለፍ ቃሎችን የሚለቅም ፕሮግራም ተክሎ ተገኘ። እዚያ ተመራማሪ የነበረው ታቱ ዩሎነን በዚህ ተነሣስቶ ኤስኤስኤች የተባለውን፣ ከርቀት መግባትን የሚመሰጥር ፕሮግራም ጻፈና በዚያው ዓመት ለሕዝብ ለቀቀው። ለፕሮግራሙ ፖርት ሲመርጥ የፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ 21ን፣ ቴልኔት ደግሞ 23ን ይዘው ነበር፤ መካከል ያለውን 22ን በኢሜይል ጠየቀ፣ ተሰጠው። የዓለም ሰርቨሮች ሁሉ የሚንኳኳበት ቁጥር የተገኘው በዚህ ቅለት ነው።

ኤስኤስኤች የመደመጥን ችግር ፈታ። ሁለቱ ማሽኖች ገና ሲገናኙ፣ መሐል ላይ የተቀመጠ ሰው ንግግራቸውን ሙሉ ቢቀዳ እንኳ ሊደርስበት የማይችል የጋራ ምስጢር ያበጃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው ሁሉ በእርሱ ይመሰጠራል። የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የማነጋግረው ማሽን በእርግጥ የእኔ ነውን? ማሽኑስ እኔነቴን በምን ያውቃል?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። ወደ አንድ ሰርቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ የዚህን ማሽን ማንነት ማረጋገጥ አልተቻለም፣ የቁልፉ አሻራ ይህ ነው ይልና አርባ ገደማ ፊደላትና ቁጥሮች ይደረድራል፤ ልቀጥል ወይ ብሎም ይጠይቃል። ጣት ከዓይን ቀድሞ «አዎ» ይላል። ያ ድርድር የማሽኑ መታወቂያ ነው። በአከራዩ የመቆጣጠሪያ ገጽ በኩል ገብቶ አሻራውን መገልበጥና እዚህ ላይ ማመሳከር ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። አንዴ ከተቀበሉት ኮምፒውተሩ ያስታውሰዋል፤ ሌላ ቀን ተለውጦ ቢያገኘው ገጹን በሚሞላ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። ማሽኑን እንደ አዲስ የጫነው ባለቤቱ ራሱ ከሆነ ምክንያቱ ይታወቃል። ማንም ካልነካው ግን እዚያው ላይ መቆም ነው። አንዳንድ መመሪያዎች እንደሚመክሩት የቀድሞውን አሻራ ከፋይሉ ሰርዞ መቀጠል፣ እንቅልፍ ነሣኝ ተብሎ የሚጮኸውን ውሻ አስሮ እንደመተኛት ነው።

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ አቋሜ ጠንከር ያለ ነው። ከኢንተርኔት በቀጥታ በሚደረስበት ማሽን ላይ በይለፍ ቃል መግባት ጨርሶ መዘጋት አለበት፤ ቃሉ ረጅምም ይሁን አጭር። የይለፍ ቃል በገቡ ቁጥር ወደ ሌላው ወገን የሚሻገር ምስጢር ነው፤ ሰው ደግሞ አንዱን ቃል አምስት ቦታ ይጠቀምበታል፣ ከአምስቱ አንዱ ይዘረፋል። በቁልፍ ጥንድ (አንዱ የግል፣ አንዱ የይፋ) ሲገቡ የግል ቁልፉ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው በዚያ ቁልፍ የተፈረመ ፊርማ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠው የይፋ ቁልፍ ቢሰረቅ ሌባው በእርሱ የትም አይገባበትም። ዛሬ የተለመደው ኢዲ25519 የሚባለው ዓይነት ሲሆን የይፋ ቁልፉ በአንዲት አጭር መስመር ያልቃል። የግል ቁልፉን የያዘው ፋይል ራሱ በይለፍ ሐረግ መቆለፍ አለበት፤ ላፕቶፕ ይሰረቃል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ኦፕንኤስኤስኤች (የተለመደው የኤስኤስኤች ፕሮግራም) ኪስ ውስጥ ከሚያዝ ትንሽ የደህንነት መሣሪያ ጋር የተሣሠረ ቁልፍ መጠቀም ይፈቅዳል። ሲገቡ መሣሪያውን በጣት መንካት ያስፈልጋል፤ ፋይሉን ብቻ የሰረቀ ሰው ከደጅ ይቀራል።

የይለፍ ቃልን መዝጋት ቅንብሩ ውስጥ አንድ መስመር መለወጥ ነው፤ አንድ ሰው ራሱን ከገዛ ማሽኑ ደጅ የሚያስወጣውም በዚያው መስመር ነው። መስመሩን ይለውጣል፣ አገልግሎቱን ዳግም ያስነሣል፣ በሥራው ተደስቶ መስኮቱን ይዘጋል። ተመልሶ ሊገባ ሲል የይፋ ቁልፉ በትክክል አልተገለበጠም፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ ከእንግዲህ አያገለግልም። ማሽኑ ያለው ሌላ አገር ነው። ከዚህ የሚያድነው ዘዴ ቀላል ነው፤ የገቡበትን መስኮት ሳይዘጉ ሁለተኛ መስኮት ከፍቶ በቁልፉ ለመግባት መሞከር። አገልግሎቱ ዳግም ቢነሣም ቀድሞ የተከፈተው ግንኙነት አይቋረጥምና ስሕተቱን ማረም ይቻላል። ሁለተኛው ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ይዘጋ።

ፖርቱን ከ22 ወደ ሌላ ቁጥር ማዛወርን እንደ መድኃኒት የሚያዩ አሉ። መዝገቡ ጸጥ ይላል፣ ለማንበብም ይቀልላል፤ ያን ያህል ነው ጥቅሙ። ለይቶ የመጣብን ሰው 65,535ቱን ፖርቶች ለመሞከር ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ኤስኤስኤች በጽሑፍ ትእዛዝ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። የዊንዶውስ ተጠቃሚ የሚፈልገው የቢሮውን ዴስክቶፕ ቤቱ ሆኖ እንዳለ ማየት ነው፤ ለዚህ ማይክሮሶፍት የሠራው አርዲፒ በ3389 ፖርት ላይ ይጠብቃል። ፕሮቶኮሉ የተመሰጠረ ነው፤ ጣጣው የሚጀምረው ራውተሩ ላይ ፖርቱ ተከፍቶለት በቀጥታ ለዓለም ሲታይ ነው። በ2020 ሠራተኞች በድንገት ቤታቸው እንዲውሉ ሲደረግ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ አደረጉ። ለጊዜው።

ያን ያደረጉት ደግሞ ማስጠንቀቂያው ከተሰማ በኋላ ነው። በሜይ 2019 ብሉኪፕ የተባለ ክፍተት ይፋ ሆኖ ነበር። በቆዩት የዊንዶውስ ስሪቶች ላይ፣ ገና የይለፍ ቃል ከመጠየቁ በፊት፣ በአርዲፒ በኩል ለመጣ እንግዳ የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ያስረክባል። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ከአምስት ዓመት በፊት ላቋረጠበት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማሻሻያ አወጣ፤ አንድ ኩባንያ የቀበረውን ምርት ቆፍሮ አውጥቶ የሚያክመው እጅግ ሲፈራ ነው። በሠላሳ ፊደል የይለፍ ቃል ይመካ የነበረ ሰው እዚህ ላይ ቃሉ ምንም አልፈየደለትም፤ የጠየቀው የለምና። ሌላው የርቀት ዴስክቶፕ ማሳያ ቪኤንሲ ደግሞ ይብሳል። የጥንቱ ማረጋገጫው ከይለፍ ቃሉ የሚያነብበው የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላት ብቻ ነው፤ ሃያ ፊደል ያስገባ ሰው አሥራ ሁለቱን የጻፈው ለራሱ ነው።

አሁን ወደ ተረሱት መለያዎች እንምጣ። በሜይ 7 ቀን 2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ወደ 45 በመቶ የሚያደርሰውን፣ ርዝመቱ 8,850 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ቧንቧውን ዘጋ። ኮምፒውተሮቹ በቤዛ ጠያቂ ሶፍትዌር ተቆልፈዋል። ኩባንያው 75 ቢትኮይን፣ በጊዜው ምንዛሪ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከፈለ። መግቢያው አገልግሎት ላይ ያልነበረ፣ ነገር ግን ያልተዘጋ አንድ አሮጌ የቪፒኤን (ከውጭ ወደ ግል መረብ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) መለያ ነበር። ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጆሴፍ ብላውንት በሰኔት ፊት ሲጠየቁ የይለፍ ቃሉ ውስብስብ እንደነበር፣ የኩባንያውን ስም ጽፎ 123 የመጨመር ዓይነት እንዳልነበር ተናገሩ። አምናቸዋለሁ። ነገሩን የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ቃሉ ጠንካራ ነበር፣ ሌቦቹም ያንኑ ጠንካራ ቃል ጽፈው ገቡ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያው ታሪክ በሕክምናው ዘርፍ ተደገመ። ለአሜሪካ ሆስፒታሎችና መድኃኒት ቤቶች የክፍያ ሰነድ የሚያስተላልፈው ቼንጅ ሄልዝኬር የሠራተኞቹ የርቀት መግቢያ የሆነ አንድ የሲትሪክስ ገጽ ነበረው። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2024 በተሰረቀ መለያ አንድ ሰው ገባበት። ሁለተኛ ማረጋገጫ አልተጠየቀም። ዘጠኝ ቀን ውስጥ ለውስጥ ሲመላለስ ከርሞ በዘጠነኛው ቀን ሲስተሙን ቆለፈው። የእናት ኩባንያው ኃላፊ አንድሩ ዊቲ ይህን በምስክርነታቸው ዘርዝረዋል፤ 22 ሚሊዮን ዶላር መከፈሉንም አምነዋል። መረጃቸው የተነካባቸው ሰዎች ቁጥር በኋላ ሲጣራ ወደ 190 ሚሊዮን ደረሰ። የኩባንያው መመሪያ እንዲህ ያለ መግቢያ ሁሉ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲኖረው ያዝ ነበር። አንዷ ገጽ ቀርታ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ የይለፍ ቃሉ ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው አይመስለኝም። በሩ ከመንገድ ይታያል ወይ? አርዲፒም ሆነ ቪኤንሲ፣ የቤት ውስጥ ካሜራም ሆነ የፋይል ማከማቻ፣ በቀጥታ ለኢንተርኔት የሚታይበት በቂ ምክንያት አላውቅም። ከፊት ለፊታቸው አንድ የግል መረብ ይቁም፤ ወደ እርሱ ያልገባ ሰው የቀሩትን በሮች መኖራቸውንም አይወቅ።

ለዚህ ሥራ በግሌ የማምነው ዋየርጋርድ ነው። ጄሰን ዶነንፌልድ የጻፈው ይህ ቪፒኤን በማርች 2020 በሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት (ከርነል) ውስጥ ተካትቷል፤ መጀመሪያ ሲቀርብ ኮዱ ከ4,000 መስመር አይበልጥም ነበር። አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ሙሉውን ሊያነብበው ይችላል ማለት ነው፤ የቀድሞዎቹ ቪፒኤኖች ኮድ ግን ለአንድ ሰው ዕድሜ የሚበቃ አይመስልም። የምወድለት ጠባይ ግን ዝምታው ነው። ቁልፉን የማያውቀው እንግዳ ሲያንኳኳ «አልፈቅድም» እንኳ አይልም፤ ምንም መልስ አይሰጥም። ከውጭ የሚዞረው ፕሮግራም እዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ነገር ይኑር አይኑር ሳያውቅ ያልፋል። ኤስኤስኤችም አርዲፒም ከዚያ በኋላ በግል መረቡ አድራሻ ላይ ብቻ እንዲጠብቁ ማድረግ፣ የቀረውን በፋየርዎል መዝጋት ነው። የኢንተርኔት አቅራቢው የራስ አድራሻ የማይሰጥበት ቤት ውስጥ ፖርት መክፈት ራሱ አይሠራም፤ እዚያ እንደ ቴይልስኬል ያሉ በዋየርጋርድ ላይ የተገነቡ አገልግሎቶች ሁለቱን ወገኖች ያገናኛሉ። ልዩነቱ ማን ወደ መረቡ ይግባ የሚለውን የሚወስነው መለያ ከእንግዲህ ሌላ ኩባንያ ዘንድ መሆኑ ነው፤ ያ መለያ በይለፍ ቃል ብቻ ከተጠበቀ ወደ ጀመርንበት ተመለስን።

ቪፒኤን የሚለው ስም ራሱ ግን ዋስትና አይደለም። በጃንዋሪ 2024 ብዙ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የርቀት መግቢያ አድርገው የገዙት የኢቫንቲ መሣሪያ ሁለት ክፍተቶች እንዳሉትና ወራሪዎች እየገቡበት እንደሆነ ታወቀ። የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ተቋም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መሣሪያውን በ48 ሰዓት ውስጥ ከመረባቸው እንዲነቅሉ አዘዘ። አስተካክሉት አላለም፤ ንቀሉት ነው ያለው። በረኛው ራሱ ሁልጊዜ ደጅ ላይ የሚቆም ማሽን ነው፤ ማሻሻያ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው ለእርሱ ነው።

ሁለተኛ ማረጋገጫስ? ይኑር፤ ዓይነቱ ግን ይለያያል። በስልክ መልእክት የሚላከው ቁጥር ከምንም ይሻላል። በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠው ባለስድስት አኃዝ ቁጥር ከእርሱ ይሻላል፤ ሆኖም የሐሰት ገጽ ላይ አስጽፎ ወዲያው የሚጠቀምበት ሌባ አለ። ስልኩ ላይ «አንተ ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው መተግበሪያ ደግሞ የራሱ ድካም አለው። በሴፕቴምበር 2022 ኡበርን የወረረው ሰው የይለፍ ቃሉን የያዘበትን የኮንትራት ሠራተኛ ጥያቄ በጥያቄ አዋከበው፤ ሰውየው በመጨረሻ አንዱን ፈቀደ። በእጅ የሚነካው የደህንነት መሣሪያ ከሁሉ የሚሻለው የገጹን እውነተኛ አድራሻ ራሱ ስለሚያመሳክር ነው፤ ባለቤቱ ቢታለል እንኳ መሣሪያው ለሐሰተኛው ገጽ አይፈርምም።

የቤት ተጠቃሚው ታሪክ ትንሽ ይለያል። የዊንዶውስ ሆም ስሪት በአርዲፒ እንግዳ መቀበል ስለማይችል ሰዉ ወደ ቲምቪወርና ወደ ኤኒዴስክ ይሄዳል። ሁለቱም በአማላጅ ሰርቨር በኩል ያገናኛሉ፤ ራውተር ላይ የሚከፈት ነገር የለም፤ ይህ በጎ ነው። ኤኒዴስክ በፌብሩዋሪ 2024 የራሱ ሲስተሞች እንደተወረሩ አስታውቆ የፊርማ ሰርተፊኬቱን ለመቀየር ተገዷል፤ አማላጁም ይታመማል ማለት ነው። ይሁንና በእነዚህ መሣሪያዎች የሚዘረፉ ሰዎችን ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃቸው የስልክ ጥሪ ነው። ደዋዩ ከባንክ ወይም ከትልቅ የኮምፒውተር ኩባንያ ነኝ ይላል፣ ፕሮግራሙን ያስጭናል፣ ማያ ገጹ ላይ የወጣውን ቁጥር ያስነብባል። ቁጥሩን ማንበብ ቁልፉን ማስረከብ ነው። የመግባት ፈቃድ መጠየቅ ያለበት እኛ ደውለን እርዳን ባልነው ሰው ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ይጥፋ፤ ሳይጠየቅ መግባት የሚያስችለው ቋሚ የይለፍ ቃል ደግሞ ከቶ አይኑር። «ነገ ደግሞ ቢያስፈልገኝ» የሚለው ሐሳብ የ«ለጊዜው» መንትያ ወንድም ነው።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ተሟልቶም የሚገባ አደጋ አለ፤ እርሱን መደበቅ ተገቢ አይሆንም። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የመረጃ ቋት ፍጥነት ሲለካ ወደ መሞከሪያ ማሽኑ በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ። ሌላ ሰው ሻይ እየጠጣ ባለፈው ነበር፤ እርሱ ተከተለው። ክሩን ሲመዘው ኤክስዜድ በተባለ የፋይል መጭመቂያ ቤተ መጻሕፍት (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚዋሱት ኮድ) ውስጥ፣ በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ ከኤስኤስኤች አገልግሎት ጋር አብሮ በሚጫን ኮድ ውስጥ፣ የኋላ በር ተቀብሮ አገኘ። የቀበረው ጂያ ታን በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዝ፣ የደከመውን የፕሮጀክቱን ባለቤት አመኔታ ሲገዛ የቆየ ሰው፣ ወይም ቡድን ነው። ኮዱ በስፋት ወደሚሠራባቸው የተረጋጉ ስሪቶች ሳይደርስ ተያዘ። ቁልፍ ለነበረውም፣ የይለፍ ቃል ለዘጋውም በሩ እኩል ሊከፈት ነበር፤ በግል መረብ ጀርባ የተቀመጠ ማሽን ላይ ግን ወራሪው መጀመሪያ እዚያ በር ድረስ መድረስ ነበረበት።

ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ የሚሠራት ነገር ከፈለገ ሦስት አሉ። የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል መስመር ብቻ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ቢሮው አድራሻ ለመግባት ይሞክር፤ ውጭ ያለ ሰው የሚያየውን ያያል። የራውተሩንም የተከፈቱ ፖርቶች ዝርዝር ይይ፤ ዩፒኤንፒ የሚባለው አገልግሎት ከበራ ባለቤቱ ያልከፈታቸውን ፖርቶች የቤቱ መሣሪያዎች ራሳቸው አስከፍተዋቸው ሊያገኝ ይችላል።

ከዚያ ሰርቨሩ ላይ የተፈቀዱ ቁልፎች የተዘረዘሩበትን ፋይል ይክፈት። በየመስመሩ ጫፍ ቁልፉ የተሠራበት ኮምፒውተር ስም አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። አንዱ አሁን የሚጽፍበት ላፕቶፕ ነው። አንዱ የቢሮው ነው። ሦስተኛው ከዓመታት በፊት የሸጠው ኮምፒውተር ነው። አራተኛው፣ አንድ ቅዳሜ ለጥገና ለአንድ ሰዓት ያስገባው ባልደረባው ነው፤ ባልደረባው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። ሁለቱን መስመሮች ሰርዞ ፋይሉን ያስቀምጥ። የሸጠው ኮምፒውተር የቁልፍ ቅጂ አሁንም እጁ ላይ ካለ በእርሱ ለመግባት ይሞክር። ፈቃድ ተከልክሏል የሚል አንድ መስመር ይመጣለታል።